ጥብቅ ውኃ

ድሬዳዋ ውስጥ የዓሣ አማካሪ መሆን ለባጃጅ ሾፌር ሲሳይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሳቢያን ከቤታችን በር ላይ ባጃጅ ስይዝ ወሬ የሚወድ ሾፌር ከገጠመኝ ሥራዬን መጠየቁ አይቀርም። እነግረዋለሁ። በመስታወቱ ገርመም ያደርገኝና፣ «ዓሣውን ነው የምትመክረው? ምን ብለህ?» ይለኛል። አንዱማ የደረቀውን ወንዝ ስንሻገር ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ፣ «አቦ፣ ቢሮህ እዚህ ነው? ላውርድህ?» ብሎኛል። ከበታችን ያለው አሸዋ ብቻ ነበር፤ አሸዋው ላይ ደግሞ ግመሎች ተኝተዋል። ሳቅኩ፤ ምን አደርጋለሁ?

እናቴም ከሾፌሮቹ አትሻልም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሠራተኛ ነበር። «አባትህ ባቡር ባለበት ከተማ የባቡር ሰው ሆነ፤ አንተ ውኃ በሌለበት ከተማ የዓሣ ሰው ሆንክ» ትለኛለች። ለጎረቤት ስትናገር ግን «ግብርና ነው የሚሠራው» ብላ ታሳጥረዋለች። አልፈርድባትም፤ ማስረዳቱ ረጅም ነው።

ዓሣ ግን አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሚኒባሱ አስፋልቱ ላይ አውርዶኝ የቀረውን በእግሬ በምሄድበት ገጠር፣ ለመስኖ ተብሎ የተሠራ አነስተኛ ግድብ አለ። ከእኔ በፊት የነበሩ ባለሙያዎች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት በበርሜል አምጥተው ለቀውበት ነበር። የአካባቢው ሰው ከብት አርቢ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ዓሣ ሲያይ እባብ እንዳየ ይሸሽ ነበር አሉ። ኋላ መጋላ ገበያ ላይ ዓሣ ሲሸጥ ያዩት ጥቂቶች ከከባድ መኪና ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ከመነዳሪ ነፍተው፣ እላዩ ላይ ቁጢጥ ብለው መረብ መጣል ጀመሩ። ቀስ በቀስ ማኅበር ሆኑ። የእኔ ሥራ እነሱን ማገዝ ነው፦ የመረባቸው ዓይን ሰፋ እንዲል፣ ውኃው እንዳይራቆት፣ ዛሬ የሚያጠምዱትን ዓሣ ነገም እንዲያገኙት።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሽርጥ የሚያገለድም፣ ቀጭን፣ ፂሙን ሂና የሚቀባ ሽማግሌ ነው። ዋና አይችልም። ዓሣ በልቶም አያውቅም። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ሰው የዓሣ አጥማጆች ሊቀመንበር መሆኑ ያስቀኝ ነበር። የመረጡት ግን ነገር ስለሚያውቅ ነው፤ በግጦሽ ጠብ ሲነሳ ሰው የሚጠራው እሱን ነበር። እኔ «አዴራ» እለዋለሁ፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። እሱ እኔን «ወሪያ» ይለኛል፤ አንተ ልጅ እንደ ማለት። እኛ አገር አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ብለን ነው ያደግነው። ደገኛ የሆኑ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ሲሰሙ ይሸማቀቃሉ፤ ለእኛ ግን የማክበሪያው መንገድ ሌላ ነው።

አንድ ዓመት ላይ ዓሣው እያነሰ መጣ። በቁጥርም በመጠንም። በፊት የክንድ ግማሽ የነበረው አሁን መዳፍ ላይ ይቀር ጀመር። ግድቡ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ውኃው ከጉልበት የማያልፍ፣ ደንገል የበቀለበት ጥግ አለው፤ ቆሮሶ የምትራባው እዚያ ነው። ያንን ጥግ እስከ ክረምት ድረስ ማንም እንዳይነካው ለማሳመን ሄድኩ። አጥማጆቹ ከግራሩ ሥር ተቀምጠው ሰሙኝ። ብዙ ተናግሬ ማንም ፊቱን አልፈታልኝም። ተስፋ ቆርጬ ስለ እናቲቱ ዓሣ ማውራት ጀመርኩ።

«እንቁላሏን ትጥልና መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች» አልኩ። «ተፈልፍለው እስኪጠነክሩ ድረስ ልጆቿ አፏ ውስጥ ናቸው።»

ሽማግሌው ቀና አለ። «አፏ ውስጥ? ታዲያ በምን ትበላለች?»

«አትበላም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ድሬ ያደገ ሰው ግን በመሐላ ላይ ሃይማኖት አይለይም።

ወደ ሰዎቹ ዞሮ በኦሮምኛ ረዘም አድርጎ ተናገረ። የገባኝ ግማሹ ነው፤ ሰዎቹ ግን ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሲጨርስ ወደ እኔ ተመለሰና፣ «ይሄማ ጥብቅ ነው። ምናለ ከመጀመሪያው ብትነግረን?» አለኝ።

ጥብቅ የሚሉት ለጥጃና ለወላድ ላም ተብሎ የሚተው ሣር ነው። አጥር የለውም፣ ዘበኛ የለውም። አንድ የእሾህ ቅርንጫፍ ዳር ላይ ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ ከብቱን እዚያ የሚነዳ ሰው በዚያ አገር ሰው አይባልም። ሽማግሌው በዚያው ሰዓት ተነስቶ የግራር እሾህ አስቆረጠና ከጥጉ አፋፍ ላይ አስጣለ። አለቀ። ስብሰባ ሳይጠራ፣ አበል ሳይጠየቅ፣ ባነር ሳይሰቀል ውኃ ተጠበቀ። ወደ ከተማ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም፤ ከጎኔ ለተቀመጠች የማላውቃት ሴትዮ ሁሉ ስለ ቆሮሶ አወራሁላት።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። በሚቀጥለው ጉዞዬ ገና ከኮረብታው ቁልቁል ስወርድ አየኋት። አንዲት ሴት ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ በተጠበቀው ጥግ መሃል ቆማ፣ በሁለት ዱላ የወጠረችውን የወባ አጎበር ትጎትታለች። አጎበር! ከዓይኑ ትንኝ አያልፍም፤ የዓሣ ጫጩት ከየት ብሎ ያልፋል? ደሜ ፈላ። እየሮጥኩ ወረድኩና፣ «አንቺ! ውጪ ከዚያ!» ብዬ ጮህኩባት። ዞር ብላ አየችኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ መዘነችኝና አጎበሯን መጎተት ቀጠለች።

ሽማግሌው ከግራሩ ሥር ጫቱን እየቀነጠሰ፣ «ወሪያ፣ ምን ያስጮህሃል?» አለኝ።

«አዴራ፣ ዝግ ነው አላልክም? እሾሁን አልጣልክም? እዚያ ሴት ገብታለች!»

«እሷን ነው?» አለ፤ ነገሩ ቀለለው። «እሷማ ትችላለች።»

ከዚያ ታጋሽ ሆኖ፣ ሕፃን እንደሚያስተምር ሰው አስረዳኝ። ጥብቅ ሣር የሚዘጋው ከብት ለበዛለት ሰው ነው። አንዲት ፍየል ብቻ ያለችው ደሃ ግን ከጥብቁ ዳር ብታግጥ ማንም ምንም አይላትም፤ እንዲያውም ሕጉ የተሠራው ለእሷ ነው። ይቺ ሴት ባሏ ለጉልበት ሥራ ጅቡቲ እንደሄደ ወሬውም አልመጣም። ከግድቡ በላይ ባለችው ጎጆ ልጆቿን ታሳድጋለች። ከመነዳሪ የላትም፣ ዋና አትችልም። ከግድቡ ሁሉ እግሯ መሬት የሚነካላት ያ ጥግ ብቻ ነው። ጣት የሚያክሉትን ትንንሽ ዓሦች ትይዝና ከሰዓት በኋላ መጋላ ወርዳ ትጠብሳለች፤ የባጃጅ ሾፌሮችና ወዛደሮች በወረቀት ጠቅልለው ይበሉላታል። ልጆቿ የሚኖሩት በዚያ ነው።

ሰምቼ ስጨርስ ንዴቴ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። ሽማግሌው ልክ ነበር፤ ለሣር ቢሆን። እንዴት አድርጌ እንደማስረዳው አሰብኩና፣ «አዴራ፣ የአንዲት ፍየል አፍ ሣር አይጨርስም። እሷ ግን የምትወስደው ሣሩን አይደለም» አልኩት። «ታዲያ ምኑን?» አለኝ። «ጥጆቹን።»

ቅጠሉን ከአፉ አወጣ። «ጥጆቹን?»

«ጥጆቹን ነው፣ አዴራ። ነገ አድገው መረባችሁ ውስጥ የሚገቡት እነዚያ ናቸው።»

ዱላውን አንስቶ አፈሩ ላይ መስመር እየሳለ ብዙ ቆየ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ጭንቀት አልወደድኩትም። «ይሄ ከባድ ነው» አለ በመጨረሻ። «በእኛ ሕግ ደሃን ከጥብቅ ያወጣ ሰው ደሃውን ማብላት አለበት። ካላበላ ጥብቁ ይፈርሳል። ሴትዮዋን ጥራት።»

መጣች። እግሯ ላይ ያለው ጭቃ እየደረቀ፣ ዓሣዋን በፌስታል ይዛ ከፊታችን ተቀመጠች። እኩያዬ ትሆናለች። ገና ማንም ሳይናገራት ወደ እኔ ዞረች።

«የዓሣው ዶክተር አንተ ነህ?»

«ዶክተር እንኳ አይደለሁም።»

«ደመወዝ ግን አለህ?»

«አለኝ።»

«የእኔ ደግሞ እዚያ ነው ያለው» አለች፣ በአገጯ ወደ ጥጉ እያመለከተች።

ትንሽ ብትታገሺ ያድጋሉ፣ ትልልቅ ይሆናሉ፣ ለሁሉም ይበቃል አልኳት። እንደዚህ እያልኩ ድምፄን ራሴው አልወደድኩትም። «ላም አለኝ በሰማይ!» ብላ አፏን አጣመመችብኝ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳልወድ ፈገግ አልኩ።

ሽማግሌው በእርጋታ ገባ። እያንዳንዱ አጥማጅ ከጥልቁ ውኃ ከሚይዘው ላይ ለእሷ እንደሚያወጣ፣ እስከ ክረምት ልጆቿ እንደማይራቡ ነገራት። ደግ ነገር ነበር። እሷ ግን ቆጣ አለች።

«ለማኝ አይደለሁም።»

«ልመና ማን አለው? ሕግ ነው።»

«ስሙን ምንም በለው፣ አዴራ። ልጆቼ ማታ ማታ የሰው በር በር እያዩ እንዲያድጉ አልፈልግም።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆምን። ሕጉ ደሃዋን ሳታበላ አትዝጋ ይላል፤ ደሃዋ አልበላም አለች። ሽማግሌው ካልበላች መዝጋት አይችልም፤ ካልተዘጋ ደግሞ ዓሣው ያልቃል፤ ዓሣው ካለቀ እሷም ጭምር ታልቃለች። ይህን ሁሉ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ አጥማጅ ተነስቶ ከመነዳሪውን ሊነፋ ሄደ።

ሌላ ዘዴ ስላጣሁ ለሰዎቹ ያልኩትን ለእሷም ነገርኳት፤ ስለ እናቲቱ ዓሣ። እያዳመጠች ፌስታሏን በእጇ ትጠመዝዛለች።

«አፏ ውስጥ ይዛቸው?»

«አዎ።»

«ሳትበላ?»

«ሳትበላ።»

«አባትየውስ?»

«እሱማ ጎጆ ብሎ ሳህን የምታክል ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ከዚያ ይሄዳል።»

«የት?» ልመልስ ስል ቀደመችኝ። «ጅቡቲ ነዋ!»

ግራሩ ሥር የነበረ ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ሽማግሌው ፂሙን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እሷም ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆሞ እንባው ብቻ ቀረ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ማንም ቀና ብሎ አላያትም፤ ያንን የእነዚያን ሰዎች ጨዋነት እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

«ሀዬ፣ እሺ፣ ይዘጋ» አለች። «ግን በነፃ አልቀበልም። የያዛችሁትን ትልልቁን ስጡኝ፤ መጋላ ወስጄ ጠብሼ እሸጥላችኋለሁ። የድካሜን ብቻ እወስዳለሁ።»

ሽማግሌው እጁን ዘረጋላት፤ ጣቷን ነካ አድርጎ ሳመው፤ ውሉ ታሰረ። ያን ቀን አጎበሩን አጥባ ጎጆዋ ላይ አሰጣችው። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ሄድኩ።

አላለቀም። መጋላ ከምሳ በኋላ ይተኛል፤ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ይነቃል። እሷ ያን ሰዓት ጠብቃ ከገበያው ጀርባ ባለች ቀጭን መንገድ ላይ ምድጃዋን ታቀጣጥላለች። ከሥራ ስወጣ በዚያ ማለፍ ልማዴ ሆነ። ትልቅ ዓሣ ሌላ ሥራ ነው፦ ቅርፊቱ ይገፈፋል፣ ሆዱ ይወጣል፣ ይበለታል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ጊዜ ይበላል። ባጃጅ ሾፌር ደግሞ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚበላ ፍጥረት ነው። አንገቱን አውጥቶ፣ «ትንሿ የለችም?» ይላታል። «ተከልክላለች» ትለዋለች፤ ትናገርና ቀስ ብላ ወደ እኔ ታያለች። ሾፌሩ አጠገቧ ወዳለችው ሳምቡሳ ሻጭ ይሄዳል።

የመሥሪያ ቤታችንን ሰዎች እየጎተትኩ መውሰድ ጀመርኩ። አንድ አግዳሚ ወንበር ከሻይ ቤት ለመነችና አቀረበች። እዚያ አግዳሚ ላይ ያየሁትን እወደዋለሁ። እኛ ድሬዎች አብረን እናድጋለን፣ አብረን እናለቅሳለን፤ ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ወደየራሱ ልኳንዳ ነው። ዓሣ የባረከውን ሰው ሃይማኖት አይጠይቅም። ሂሳብ ሹማችን ክርስቲያን ነች፣ ጥበቃችን ሙስሊም ነው፤ ከአንድ ሳህን እየቆረሱ አጥንት ሲለቅሙ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ጥበቃው፣ «እንዲህ ከሥጋ አብረን ስንበላ የመጀመሪያችን አይደል?» አላት። እውነቱን ነበር።

ግን የእኛ መሥሪያ ቤት ስንት ሰው ነው? ተቀምጦ ትልቅ ዓሣ የሚበላ ሰው ጥላና ወንበር ይፈልጋል፤ ምግብ ቤት ገብቶ ይበላል። አንዳንድ ቀን ያልተሸጠ ዓሣ ይዛ ስትመለስ አያት ነበር፤ በዚህ ሙቀት ደግሞ ዓሣ አያድርም። ምድጃዋ ላይ ስታጎነብስ የአንገቷ አጥንት መታየት ጀመረ። አንድም ቀን አላማረረችም። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ለእናቴ ነገርኳት። አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «ልጄ፣ ሰዎቹን እየመከርክ ነው ወይስ እያስራብክ?» አለችኝ። በማግስቱ ራሷ በባጃጅ መጋላ ወረደች። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ግማሹ ሳቢያን ዓሣ ለጾም ይሆናል ይላል፤ ግማሹ አይሆንም ይላል፤ እናቴ ከአይሆንም ባዮቹም ጠንካራዋ ናት። ሆኖም ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ዓሣ እየገዛች ይሆናል ለሚሉት ጎረቤቶቿ ታድል ነበር። «አንቺ ሳትበዪ ለእኛ ትገዢያለሽ? ልታስኮንኚን ነው?» ሲሏት፣ «የራሳችሁን ኩነኔ ራሳችሁ ቻሉት፤ እኔ የምሸፍነው ሂሳቡን ነው» ትላቸው ነበር።

ሴትዮዋ ለእኔ የምትለኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር። የተጠበሰውን ስታቀርብልኝ፣ ጎንበስ ብላ፣ «አደጉ?» ትለኛለች።

«እያደጉ ነው።»

«ሀዬ።»

የእውነትም እያደጉ ነበር። ደንገሉ ሥር ስታይ ውኃው ይርገበገባል። የቀረን የበልጉ ዝናብ ብቻ ነበር። እሱ ዘገየ። ሰማዩ ጠዋት ደመና ያሳየንና ለምሳ ይበትነዋል። በግድቡ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ጫትና ሽንኩርታቸው እንዳይደርቅባቸው የውኃ መሳቢያ ሞተራቸውን ጠዋት ማታ ያስጮሁታል፤ እነሱንም ተው ማለት አይቻልም። ውኃው በየቀኑ ከዳር ወደ መሃል ይሸሻል። አንድ ቅዳሜ ሽማግሌው ስልክ ደወለልኝ። ሰላምታ የሚያበዛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ሰላም አላለኝም።

«ጥብቁ እየደረቀ ነው። ና።»

የእናቴን የልብስ ሳፋና ሁለት ባልዲ ይዤ ሄድኩ። ስደርስ ጥጉ ከግድቡ ተቆርጧል። በመሃል የጭቃ ጀርባ ወጥቷል፤ በዚህ በኩል የቀረው ውኃ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም፤ እሱም በፀሐይ ሞቋል። በውስጡ ያለው ዓሣ ግን... ውኃው ሳይሆን ዓሣው የሚፈስ ይመስል ነበር። አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው አየር ይለምናሉ። ክረምቱ እስኪመጣ ጠብቁ ያልኩት እነዚህን ነው። ሽማግሌው ሽርጡን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ቆሟል፤ ሰዎቹ በእጃቸው፣ በሽርጣቸው፣ በተቆረጠ ጄሪካን እየዘገኑ በጭቃው ላይ ተሸክመው ወደ ጥልቁ ይሮጣሉ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ሁሉም ግን እየተንሸራተተ ግማሹን ይደፋል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ሽማግሌው ጎንበስ ባለበት፣ «ሰው አነሰን» አለ። ቀና ስል ከኮረብታው ስትወርድ አየኋት።

ቅዳሜ ነው። ከሳምንቱ ሁሉ ደህና የሚሸጥላት ቅዳሜ ብቻ ነው። ልጆቿን አስከትላ፣ አጎበሯን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛ መጣች። ለማንም ሰላምታ አልሰጠችም። ቀሚሷን ሸጎጠችና ገባች፤ የቱ ጋ እግር እንደሚሰምጥ የቱ ጋ እንደሚቆም ታውቀዋለች። አጎበሩን በአንድ በኩል ለሽማግሌው አስያዘችው፣ በሌላ በኩል እሷ ያዘች፤ በአንድ ስበት ሙሉ ሳፋ። እኛ ተሸካሚዎች ሆንን። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ተመላለስን።

በዚያ ምልልስ ውስጥ ያሰብኩትን እናገራለሁ። ፈርቼ ነበር። ጥጉ ይዘጋ ባልል ኖሮ እነዚህ ሁሉ ዓሦች ወራት ሙሉ የልጆቿ እራት ይሆኑ ነበር። አሁን እዚህ ጭቃ ላይ ቢያልቁ ከአፏ ነጥቄ ለፀሐይ መስጠቴ ነው። ዝናቡን እኔ አላስቀረሁትም፤ ይህን አውቃለሁ። ማወቄ ግን ሳፋውን አላቀለለልኝም።

ብዙዎቹ ጥልቁ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ለአፍታ በጎናቸው ይንሳፈፉና ድንገት ጭራቸውን መትተው ይጠፋሉ። ብዙዎቹ ደግሞ እንደተንሳፈፉ ቀሩ። የሞቱትን ለቅመን የእናቴ ሳፋ ውስጥ አጠራቀምን። ሽማግሌው ሳፋውን በእግሩ ገፋ አድርጎ እፊቷ አቀረበው።

«የሞተው ያንቺ ነው። ይሄን እንኳ አትመልሺው።»

ሳፋውን ትክ ብላ አየችው። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። «ትልቋ፣ መጥበሻውን አምጪ» አለች ለልጇ። «ዘይቱንም። ሎሚም ካለ።»

እዚያው አፋፉ ላይ በግራር እንጨት እሳት አነደደች። በጨው አሸት አሸት አድርጋ፣ በእፍኝ እየጨመረች ጠበሰች። መጀመሪያ ለሽማግሌው ሰጠችው። ተቸገረ፤ ዙሪያውን አየ፤ ሰዎቹ ሁሉ ይጠብቁታል። «ቢስሚላህ» ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። አኘከ። ዓይኑን ገለጠና እጁን እንደገና ዘረጋ፤ ሰዎቹ በሳቅ ፈነዱበት።

ከዚያ ለእኔ በወረቀት ሰጠችኝ፤ ሎሚ ጨመቀችበት፤ ሚጥሚጣ ነሰነሰችበት። ያችን ትንሽ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም ነበር። ርዝመቷን አውቅ ነበር፣ ዕድሜዋን አውቅ ነበር፣ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትደርስ ከግራር ሥር ቆሜ ለሰው አስተምር ነበር። ከራሷ እስከ ጭራዋ በአንድ ጊዜ ገባች። አጥንቷ ጥርስ ላይ እንደ ቆሎ ይሰበራል፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ለስላሳ ነው፣ ጣፋጭ ነው። ወረቀቱ ላይ ምንም እስከማይቀር በላሁት።

ሴትዮዋ መጥበሻዋን ትታ ታየኝ ነበር። «እንዴት ነው?» አለችኝ።

ክፉ አይደለም ብዬ ልሸውዳት አሰብኩ። አልቻልኩም።

«ይጣፍጣል» አልኩ። «በጣም ይጣፍጣል።»

ራሷን ነቀነቀች። «ይሄን ነው የተውኩልህ» አለች፤ ቁጣ አልነበረባትም። ከዚያ ወደ እሳቱ ዞራ ለልጆቿ ማገላበጥ ቀጠለች።